የዘሃራ አረንጓዴ ነጥብ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ። ጅዳ፣ በግዳዲያ ሰፈር።
ዛሬም ስለ አዲሱ ገጽ አስተያየት ስለቅም ዋልኩ። ማስታወሻዬ፣ ጋዜጣ ሳዘጋጅ ኖሬ እንዲህ የሚነጫነጭ አንባቢ አላየሁም። ድረ ገጻችን የጅዳና የመካ ሐበሾች መገናኛ ነው፤ ሥራ፣ የክፍል ኪራይ፣ አሁን ደግሞ የፖሊስ አፈሳው የት እንደደረሰ ይጻፍበታል። መልኩን የቀየረው ሙሉጌታ ነው፣ የአየር መንገድ መሐንዲስ። ገጹን የከፈተ ሰው ስሙ አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ይበራል። አንዱ «ፋርማሲ አስመሰላችሁት፤ የራስ ምታት ክኒን አለ?» ብሎ ጻፈ። ሙሉጌታ አኮረፈ።

ዘሃራ ብቻ ዝም። ከአሠሪዋ ከማዳሟ ቤት ጠፍታ ካራንቲና ሰፈር አክስቷ ዘንድ ተጠግታ ነበር። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም። ቅዳሜ ታፈሰች፤ ወሬዋ የለም። ብትኖር ቀድማ የምትጽፈው እሷ ነበረች፣ ሁሌም ያችኑ፦ «ጋሼ፣ ፊደሉ አነሰኝ።»

ኅዳር 5፣ ሐሙስ። ከቀኑ 10 ሰ.
የዘሃራ ነጥብ በራ።
ዓይኔን አሸሁ። በርቷል። ጥቂት ቆይቶ ጠፋ።
ሙሉጌታ የራሱ ስህተት መስሎት ፈተሸ። አይደለም፤ በስልኳ ገጹ ተከፍቷል። አክስቷ ከድጃ አልሐምዱሊላህ እያለች አለቀሰች። ሌሎቹ አንባቢዎች ፈሩ። ስልኳ በማን እጅ እንዳለ ማን ያውቃል? የት እንደተደበቅን የምንጽፈውን ያነባል። ስሟ ይዘጋ አሉ። ከተዘጋ ነጥቡ አይበራም፤ ራሷ ብትሆንም መግባት አትችልም። ከድጃ ደወለች፦ «ወንድሜ፣ ያችን መብራት እንዳታጠፋብኝ። ሌላ ምን አለኝ?»
አልዘጋሁም።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ።
ፊደሉን አስተለቅሁት። ሙሉጌታ መልኩ ተበላሸ ብሎ ተቆጣ። ከሥሩ ጻፍኩ፦ ፊደሉ አሁን እንዴት ነው? አንዱ ከመካ መንገድ፣ ከባሕራ፦ «ጋሼ፣ አሁንስ መካ ሆኜም አነበዋለሁ።» ሳቁ።
10 ሰ. ነጥቧ በራ። ረጅም ቆየ። ከበር ጀርባ ቆሞ የሚተነፍስ ሰው ያለ መሰለኝ። ሳትጽፍ ጠፋች። «ጠፋች» አልኩ። ማን እንደሆነ ሳላውቅ።

ኅዳር 8፣ እሑድ።
ከዘሃራ ስም መልስ መጣ። በዐረብኛ ፊደል፦ ጥሩ ነው። ዘሃራ ዐረብኛ ትናገራለች እንጂ መጻፍ አትችልም። ቀጥሎ ሁለተኛው፦ የትኛው ሰፈር ናችሁ?

ሙሉጌታ በስልክ፦ «ኸላስ፣ በቃ ጋሼ። ዝጋው።»

የባሕራ ልጆች የተጠጉበትን ክፍል ትናንት ጽፈው ነበር። ጽሑፉን አጠፋሁ፤ ደውዬ ውጡ አልኳቸው። እየወጡ ነው። ከዚያ ለከድጃ ደወልኩ፣ ሳልነግራት መዝጋት አልቻልኩም። ብትመጣ መልሰህ ትከፍትላታለህ? አለችኝ። አዎ አልኳት። «በል ዝጋው። ስሟን ግን እንዳትፍቀው።»

ነጥቡ አሁንም በርቷል። ልዘጋው ነው።