ለካ ተዋናይ ኖረሃል

ታዬ፣ ዓለሜ፣

ልብህ ድንገት ቀጥ ብሎ ከተለየኸን እነሆ አምስት ሳምንት ሆነ። በሞትህ መደንገጤ ሳያንስ፣ በአኗኗርህ ሌላ ድንጋጤ ጨመርክብኝ።

ቤቱን ልንገርህ። የኤርፖርት ሥራ ጃኬትህን ልጃችን ሊያ ለብሳው ነው የምትውለው። መኪናህን ወንድሜ ወሰደልኝ፤ ደጅ ቆሞ ባየሁት ቁጥር ሥራ ያልሄድክ እየመሰለኝ ተቸግሬ ነበር።

በለቅሶህ በሦስተኛው ቀን፣ ሳሎናችን በቤተ ክርስቲያን ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ስድስት አሜሪካኖች አበባ ይዘው ገቡ። የኤርፖርት ባልደረቦችህ መሰሉን። እንደተለመደው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ደምሴ ሊተረጉሙ ተነሡ። አንዲት ሽበታም ሴትዮ እያለቀሰች ብዙ ተናገረች። ጋሽ ደምሴ አንዴ እኔን፣ አንዴ ጣሪያውን አዩና፣ «ታታሪ ሠራተኛ ነበር ነው የሚሉት» ብለው ቁጭ አሉ።

ሊያን አላስቻላትም። «ኖ ማሚ፣ እንደዛ አላለችም። ሶ… ዳዲ አክተር ነበር ነው የምትለው። ፎርት ወርዝ፣ ስቴጅ ላይ። ሙቪም ሠርቷል።»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ሊያን ደግመሽ ንገሪኝ አልኳት።

ዘጠኝ ዓመት፣ ታዬ! ቀን ሻንጣ ስትጭን ውለህ፣ ማታ ፎርት ወርዝ አዳራሽ አጸዳለሁ ያልከኝ እውነት ነበር፤ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ። ከዚያ እዚያው ቴአትር ቤት አንድ ተዋናይ ታሞ ሲቀር ተክተኸው ገባህ አሉኝ። አባትም፣ ዳኛም፣ ሌባም ሆነህ ተጫወትክ። ያቺ ሴትዮ ዳይሬክተርህ ነበረች።

ፊልሙን ሊያ ፈልጋ አገኘችው። ባንክ ስንሄድ ከኋላዬ ቆመህ እኔን በሰባራ እንግሊዝኛዬ የምታስወራው ሰውዬ፣ ፍርድ ቤት ቆመህ በእንግሊዝኛ ስትሟገት አየሁህ። ያን ቁጣህን አላውቀውም። ስትስቅ ግን አንተው ነህ፤ እዚያ ላይ አለቀስኩ።

የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ያኔ ሮውሌት ከተማ ሰርግ ላይ ፓስተሩን አስመስለህ ሰዉን በሳቅ ስትፈጀው፣ ወደ ቤታችን ወደ ዩለስ ስንመለስ መኪና ውስጥ «እኔ ቀልደኛ አላገባሁም» አልኩህ። ከዚያ በኋላ ሰው ፊት አስመስለህ አታውቅም። እኔ ነኝ የዘጋሁብህ? ደግሞ ተናድጄብሃለሁ። ያን ያህል ታስፈራ ነበር እንዴ ሚስትህ?

ባለፈው እሑድ ሊያን አስተርጓሚ አድርጌ ዳይሬክተርህ ዘንድ ሄጄ ይህንኑ ጠየቅኳት፤ ከእኔ ነው ወይ የተደበቀው ብዬ። መልስ ከመስጠቷ በፊት ይዛኝ ወደ አዳራሹ ገባች። ተዋናይ ሁሉ ለቤተሰቡ ነጻ ትኬት ይሰጠዋል አለችኝ። አንተ ቴአትር በታየ ቁጥር የእኔን ስም አስጽፈህ በር ላይ ትተወው ነበር። ወንበሩ ባዶ ሲቀር «ዛሬ ሥራ ገብታለች» ትላቸው ነበር። ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ ትለምናቸው ነበር። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እያንዳንዱን ምሽት እኔን ስትጠብቅ፣ እኔ ቤት ሆኜ «ይሄ ሰውዬ ሥራ በዛበት» እያልኩ እራትህን ከድኜ አስቀምጥ ነበር።

በመጪው ቅዳሜ ያንተን ገጸ ባሕርይ ሌላ ሰው ይጫወተዋል። ጋሽ ደምሴ «ለአማኝ ቴአትር ምኑ ነው» ብለው ቢቆጡም ሊያን ይዤ እሄዳለሁ። የማውቀውን ታዬም፣ ገና ማወቅ የጀመርኩትንም፣ በሕይወት እስካለሁ አልረሳቸውም። በሩ ላይ ስሜን እሰጣለሁ።

አንተም ባለህበት ሆነህ፣ ዛሬስ ሥራ አልገባችም፣ መጥታለች በልልኝ።

ሚስትህ አልማዝ