ስለ ዘንዶውና ስለ እጄ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ደረጃ መውጣቱ አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልሽ ቅባት ሠራልሽ? እህቴስ ለሠርጓ ሽር ጉድ ስትል ከስታ አለቀች ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን «ደህና ነኝ» እንደ ወትሮው በጥድፊያ አልጻፍኩትም፤ አስቤበት ነው። ጽሕፈቴ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ተንጋዶ ስታዪው ትደነግጪ ይሆናል። አትደንግጪ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

ለእህቴ ቬሎ የሚሆን ሳቲን መግዛትሽን፣ ከእኔ በቀር ማንም መቀስ እንደማያነሣበት ጽፈሽልኛል። ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት። እማዬ፣ ጨርቁን መቁረጥ አልችልም። ከአምስት ወር በፊት የፋብሪካችን የጨርቅ መቁረጫ ማሽን ቀኝ እጄን ቆረጠኝ። ሌባ ጣቴና የመሃል ጣቴ ተሰፍተው ተረፉ እንጂ አይታጠፉም። ከዚያ ወዲህ የደረሱሽን ደብዳቤዎች እኔ እየነገርኳት የጻፈችው ልብስ ተኳሿ ናት፤ እትዬ ካውያ እንላታለን። አንቺ «ጽሕፈትሽ እንዴት አማረ» ብለሽ ስትጽፊ ደብዳቤሽን አጥፌ ትራሴ ሥር ከተትኩት።

ሙሉውን ልንገርሽ። ማሽኑ ስለቱ ላይ መከለያ ብረት አለው። ሥራ ያጓትትብኛል ብዬ ራሴ ፈታሁት። እጄ በተጎዳ ጊዜ ግን ሥራ አስኪያጁ ማሽን ጠጋኙን ጠርቶ «መከለያውን ሳታጠብቅ ትተኸዋል» ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈበት። ሆስፒታል ተኝቼ ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። ብናገር የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነበር።

ያ ጠጋኝ በሦስተኛው ቀን ሊጠይቀኝ መጣ። ሰው ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ እሱ የታናሽ እህቱን ወፍራም መጽሐፍ ይዞ መጣ። ሽፋኑ ላይ ክንፉን የዘረጋ ዘንዶ አለ። የጎረምሶች ነገር ብዬ ናቅሁት። ሰውየውንም ዐይኑን ማየት አቃተኝ። ሲሄድ ግን ከሐፍረቴ ለመሸሽ ብዬ ገለጥኩት፤ ያመጡልኝ ሾርባ ቀዝቅዞ እስኪረጋ ቀና አላልኩም።

ዘንዶው አርጅቶ ዐይኑ ጠፍቷል። አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አንገቱ ላይ ተቀምጣ የምታየውን ሁሉ ትነግረዋለች፤ ተራራ ሲመጣ ተራራ፣ ደመና ሲመጣ ደመና። እሱም በእሷ አፍ ያያል። ደራሲዋ ምን ብታደርግ እንደሆነ አላውቅም፣ ወደ ታች ሲወረወሩ እኔ የአልጋዬን ብረት እይዛለሁ። ደግሞ ዘንዶው ነጭናጫ ነው። ሰማዩ ሰማያዊ ነው ብትለው፣ «እሱንማ ከመታወሬ በፊትም አውቀዋለሁ፣ አዲስ ነገር ካለሽ ንገሪኝ» ይላታል። ነርሶቹ ብቻዬን ስስቅ አይተው ትኩሳቴን ለኩ።

ወደ ሥራ ስመለስ ቁልፍ የሚተከልበትና ልብስ የሚተኮስበት ክፍል መደቡኝ። በግራ እጄ ቁልፍ መትከል አልሆነልኝም። ሥራ አስኪያጁ እስከ ወሩ መጨረሻ አይቶ ሊያሰናብተኝ ነበር። አንድ ቀን እትዬ ካውያ በምሳ ሰዓት የማነበውን ጠየቀችኝና ጮክ ብዬ አንድ ገጽ አነበብኩላት። «ቀጥዪ» አለች። በሳምንቱ ክፍሉ በሙሉ እጁ እየሠራ ጆሮው እኔ ጋ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ሊያስቆመኝ ሲመጣ እትዬ ካውያ፣ «እሷ ስታነብ ለወሬ የሚነሣ የለም፤ የተሠራውን ሄደህ እይ» አለችው። አየና «ታንብብ» ብሎ ተመለሰ። አሁን ሥራዬ ማንበብ ነው።

ጠጋኙ ተከታዮቹን መጻሕፍት በየተራ ያመጣልኝ ነበር። የክፍላችንንም ማራገቢያ በአንድ ወር አራት ጊዜ ፈታው። ማራገቢያው ምንም ብልሽት አልነበረውም።

ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ዘንዶው ወደ ተወለደበት ሸለቆ ይበራሉ። ሸለቆው ተቃጥሎ አመድ ሆኗል። ልጅቷ አንጀቷ አልችል ብሎ፣ «አረንጓዴ ነው፤ ሜዳው እንዳለ ነው» አለችው። በደስታ ሊያርፍ ወረደ። ሜዳው የለም፤ ድንጋይ ላይ ወድቆ ክንፉ ተሰበረ። አልተቆጣትም። «እሺ፣ አሁን የምታዪውን ንገሪኝ» ብቻ ነው ያላት።

እዚያ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። ከቁልፍ ተካዮቹ አንዷ «አዝናለት ነው» እያለች ለልጅቷ ተከራከረች። እትዬ ካውያ፣ «ብታዝንለትም የወደቀው እሱ ነው» አለች። ጠጋኙ መሰላል ላይ ነበር። መጽሐፉን ከደንኩና፣ «መከለያውን የፈታሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ጠጋኙ ቀስ ብሎ ወርዶ አጠገቤ መጣ። «አውቃለሁ» አለኝ፤ «ብሎኖቹን የዚያኑ ቀን መሳቢያሽ ውስጥ አገኘኋቸው።» «ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «የእጅሽ አንሶ ነው?» አለ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ክንፉ ይድን እንደሆነ ጠየቀኝ።

ቢሮም ገብቼ ተናገርኩ። ማስጠንቀቂያው ከእሱ ፋይል ወጥቶ ለእኔ ተጻፈ። ሥራ አስኪያጁ ማባረሩን አላነሣውም፤ እትዬ ካውያ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ክንፉ አልዳነም እማዬ። አራተኛውን መጽሐፍ በእግራቸው ነው የሚሄዱት፤ ብታነቢው ደግሞ ከበረሩበት ይበልጣል። በአምስተኛው አሥራ ሁለት ገጽ ሲቀረን ሴቶቹ አስቆሙኝ። እንዲያልቅ የፈለገ የለም።

እኔ ግን አምስት ወር ሙሉ ለአንቺ «ሸለቆው አረንጓዴ ነው» ስልሽ ከረምኩ። ይቅር በይኝ። ቬሎውን አንቺ ቁረጪው። እኔ አጠገብሽ ቆሜ ይህን አጥብቢ፣ ያን አስፊ እላለሁ፤ አፌማ እንደምታውቂው ደህና ነው።

ለሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው እመጣለሁ። አምስቱንም መጻሕፍት አመጣልሻለሁ። ከባድ ስለሆኑና በአንድ እጅ ስለማይቻሉ ሻንጣውን የሚይዝልኝ ሰው አብሮኝ ይመጣል። ሶፋው ላይ ይተኛል፣ ብዙ አትጨነቂ። እህቴንም እንዳትስቅ አስጠንቅቂያት።

ጤናሽን ይስጥልኝ፤ የልጆችሽን ደስታ አይተሽ የማትጠግቢበት ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ።

በግራ እጇም ቢሆን ራሷ የጻፈችልሽ፣
ትልቋ ልጅሽ

ልረሳው ነበር፤ ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው።