ማሽኑ ስለ ያይር የጠየቀው

ለውድ ወንድሜ ለኤሌሳር፣

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? የአንቶፋጋስታ ብርድ አልበረታብህም? ባለቤትህ ሉዝ ዳሪስና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ በአካል ደህና ነን፤ ወንዙም ዘንድሮ ቤት ሳይገባ አልፎልናል። እኔ ግን በንዴት እርር ድብን ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ለወንድማችን ለያይር ለሙት የሚደረገው የዘጠኝ ሌሊት ጸሎት እንዲደረግለት እማዬ በመጨረሻ እሺ ማለቷን በስልክ ነግሬህ ነበር። ታጣቂዎቹ በጀልባ ከወሰዱት አሥር ዓመት አልፎት፣ ስንት ለምነናት እሺ ያለችው ነው። ሙሾ አውጪዋ እትዬ ቪርሄሊና ቀኑን ቆርጣ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተነግሮት ነበር። ይህን ሁሉ አንዲት ልጅ ታብሌት ይዛ መጥታ ገደል ከተተችው።

ዳኒያ ትባላለች። ከተማ ያለ ድርጅት ስለ ኑሯችን መጠይቅ እንድታስሞላ ልኳት ነው። ጥያቄዎቹን ሰው አላዘጋጃቸውም፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው የሚያዘጋጃቸው፤ መልሳችንን እያየ ቀጣዩን ጥያቄ እዚያው ያወጣል ብላ በኩራት ነገረችን። ስንት ሰው እዚህ ቤት ይኖራል ሲል እማዬ እንደ ልማዷ ያይርን ጨምራ አራት አለች። ድሮ ቆጠራ ሲመጣ የሚጽፈው የመምህር ኦቶንየል ልጅ ነበር፤ አራት ስትለው ሦስት ይጽፍና ወሬ ይቀይር ነበር። ይህ ጉድ ግን ቀጠለ። ያይር ስንት ዓመቱ ነው? ሥራ አለው? የለውም ስትል፣ ምን መሠልጠን ይፈልጋል፣ አናጺነት ወይስ የጀልባ ሞተር ጥገና? መቼ መጀመር ይችላል?

እማዬ ፊቷ በርቶ፣ «ሞተር ነው የሚወደው፤ እንደመጣ ይጀምራል» ትላለች።

ዳኒያን ወደ ጓሮ ጎትቼ፣ «አንቺ፣ ልጁ እኮ የለም፤ እናቴን ምን እያደረግሻት ነው?» አልኳት።

«እኔ ምን ላድርግ እህቴ፤ ማሽኑ ይኖራል ወይም ሞቷል እንጂ ሌላ ምርጫ አልሰጠኝም። ሞቷል ካላችሁ እማማ ራሳቸው ይበሉኝና ልሰርዘው» አለችኝ።

በማግስቱ እማዬ እትዬ ቪርሄሊና ቤት ሄዳ ጸሎቱን አስቀረችው። «ያለበትን ባያውቁ ኖሮ መቼ ይጀምራል ብለው ይጠይቁኝ ነበር? በሕይወት ባለ ልጄ ላይ ሙሾ አታውርጂብኝ» ብላት መጣች። አሁን የጀልባ ድምፅ በሰማች ቁጥር ምግቧን ትታ ወደ ወንዙ ትወርዳለች። ጥያቄውን ያወጣው ሰው ቢሆን ኖሮ ሄጄ ፊቱን ቧጭሬው ይወጣልኝ ነበር፤ አሁን ማንን ልቧጭር?

ወንድም ጋሼ፣ የበኩር ልጇ አንተ ነህ። እባክህ ደውልና ቁርጡን ንገራት፤ እኔን አልሰማ ብላለች።

ልጄ ሌይዲ ሰላም ትልሃለች። እትዬ ቪርሄሊናም ሰላም በይልኝ ብላለች። እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። የሰላምታውን ቦታ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ ብላ አጠገቤ ቆማለችና ያለችኝን ጽፌዋለሁ፦ ወንድምህ ያይርም ሰላም ብሎሃል።

እህትህ ዩርሌይ
ቦካ ዴል ሞንቴ፣ አትራቶ ወንዝ ዳር
ኦገስት 14 ቀን 2025