ያለ ቦታው ስለ ተጨበጨበው ጭብጨባ

ለክቡር የመንደራችን ነዋሪዎች ጉባኤ ሊቀ መንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ከባለፈው ስብሰባ ወዲህ ጉሮሮዎ እንደ ተሻለው፣ እንቅልፍዎም እንደ ተመለሰ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ስለ ራሴ የሚወራውን ከሁሉ ኋላ የሰማሁት ከዳቦ ቤቷ ሴት ነው። በስብሰባው ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሮ፣ ባንኜ ስነሣ ንግግሩ ያለቀ መስሎኝ አጨብጭቤአለሁ ይባላል። ይህን ወሬ በአክብሮት አርማለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቃለ ጉባኤ ስጽፍ፣ ከእርስዎ የረዘመ ንግግር ሳይቀር ስሰማ፣ አንድ ቀን ዓይኔን ከድኜ አላውቅም። የዚያን ዕለትም ነቅቼ ነበር። ምን ያህል እንደ ነቃሁ ከታች እመለስበታለሁ።

ይህ ለሁሉም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ ነውና በቦታው ላልነበሩ አንባብያን የሆነውን በአጭሩ ልናገር። በጉባኤያችን ውሳኔ የሚጸድቀው በጭብጨባ ነው። እጅ ማውጣት ቆጠራው ጊዜ ይፈጃል ተብሎ ቀርቷል። እርስዎ ሐሳቡን ይናገራሉ፣ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ ጸሐፊያችን ቀና ሳትል «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብላ ትጽፋለች። ታዲያ ባለፈው ስለ ውኃ ቧንቧው ሲጠየቁ ተቆጡና «እኔ ከዚህ ወንበር እንድነሣ» ብለው ጀመሩ። የቀረው «የሚፈልግ ካለ ፊት ለፊት ይንገረኝ» የሚል እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ በየስብሰባው የሚሉት ነውና። ግን በመካከሉ ውኃ ሊጠጡ ብርጭቆ አነሡ። በዚያች ፋታ አንድ ሰው አጨበጨበ። አዳራሹ እንደ ልማዱ ተከተለ፤ ጸሐፊያችንም እንደ ልማዷ ጻፈች።

ከዚያ ወዲህ ጽሕፈት ቤትዎ ላሳየው ትጋት ያለኝ ምስጋና እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ. ጥፋተኛውን በአንድ ቀን ስላገኙት አመሰግናለሁ። ፀጉር አስተካካያችን ነው ተባለ። ማስረጃውም በየልጆቹ ልደት የእርስዎን ድምፅና አሳሳል እያስመሰለ ሰው ማሳቁ ነው። ሱቁ ከታሸገ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፤ መቀሱም ማበጠሪያውም እውስጥ ነው፤ ሚስቱ ደግሞ የሁለት ሳምንት አራስ ናት። ነገር ግን በዚያች ሰዓት የማይክሮፎኑ እግር ተሰብሮ ስለ ነበር፣ በጽሕፈት ቤትዎ ትእዛዝ ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ ይዞ ከአፍዎ ሥር የቆመው እሱ ራሱ ነበር። አንድ እጅ አያጨበጭብም ሲባል ነበር የምናውቀው። ያለ ምንም እጅ የሚያጨበጭብ ሰው በማግኘት ጽሕፈት ቤትዎ የመጀመሪያው ነው።

፪ኛ. በቃለ ጉባኤው ላይ ቀለም መፍሰሱን ሰምቼ አዘንኩ። ቀለሙ አንዲቷን መስመር ብቻ ሸፍኖ ከላይም ከታችም ያለውን ፊደል ሳይነካ መፍሰሱን ሳይ ግን ሐዘኔ ወደ አድናቆት ተለወጠ። እኔ በዘመኔ ያፈሰስኩት ቀለም እንዲህ ሥርዓት አልነበረውም።

፫ኛ. ከቤቴ ፊት ለፊት ካለው የስልክ እንጨት ሥር ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ስላቆሙልኝ ውለታዎ አለብኝ። ሰውየው አራት ቀን ሙሉ አንድ ገጽ ነው የሚያነበው፤ ትምህርቱን ማን እንዳስተማረው ቢጠየቅልኝ ደስ ይለኛል። ትናንት ዝናብ ሲመታው አንጀቴ አልችል ብሎ ጃንጥላ አውሼዋለሁ። አልመለሰም።

፬ኛ. ሦስት መርማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ መጀመሪያ ያጨበጨበውን ሲጠይቁ ነበር። ልብስ ሰፊው «እኔ ዕድሜ ልኬን ሁለተኛ ነኝ» አላቸው። የዳቦ ቤቷ ሴትም ሁለተኛ ነበረች፤ ጡረተኛው ሾፌርም ሁለተኛ። ሁለት መቶ ሰው ሁለተኛ የሆነበት አዳራሽ ከየት ይገኛል! እኔ ዘንድ ሲደርሱ ግን «እማማ፣ እርስዎ አይድከሙ» ብለው አለፉኝ። አክብሮት ይሁን ንቀት እስካሁን እየመረመርኩት ነው።

፭ኛ. የነገው ስብሰባ አጀንዳ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ አየሁ፤ «ሥራ ያቆመውን ፀጉር ቤት ለሌላ ተከራይ ስለ ማስተላለፍ» ይላል። ሥራ ያስቆመው ማን እንደ ሆነ ስለ ቦታ ጥበት ሳይጻፍ ቀርቷል። አዲሱ ተከራይ የምክትልዎ አማች መሆኑም እንዲሁ። ተጠራጣሪ ሴት ነኝና ሄጄ በሱቁ በር ላይ ያለውን እሽግ አየሁት። የእሽጉ ቀን ጭብጨባው ከተጨበጨበበት ቀን በሁለት ቀን ይቀድማል። መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ አነበብኩት፤ ያው ነው። ጥፋቱ ሳይፈጸም ቅጣቱን የሚያዘጋጅ ጽሕፈት ቤት ባለበት መንደር መኖር ምንኛ ያኮራል!

አሁን ወደ ንቃቴ ልመለስ። መጀመሪያ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ረድፍ፣ ከመስኮቱ አጠገብ። ያጨበጨብኩትም ንግግሩ ያለቀ መስሎኝ ሳይሆን እንዳላለቀ አሳምሬ ስለማውቅ ነው። እጅ ማውጣት ከቀረ ወዲህ እጆቼ ሥራ ፈትተው ነበር። ስለዚህ የእኔን በፀጉር አስተካካዩ ማላከክ ይቅርና ሱቁ ከስብሰባው በፊት ይከፈትለት። እሽጉ እንዳይባክን ከፈለጉ የእኔ በር አለ፤ ቀለም ከተቀባ ቆይቷልና ትንሽ ጌጥ አይከፋውም።

ጉሮሮዎን ከደረቅ ሳል፣ ብርጭቆዎን ከክፉ ፋታ ይጠብቅልን እያልኩ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ የምነሣዎት፣

ያልተኛችው አሮጊት፣
የቀድሞ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነገ ጠዋት የማደርገውን ከወሬ እንዳይሰሙት እኔው ልዘርዝር። መጀመሪያ ጉልበቴን በቅባት አሻለሁ። ከዚያ ጃንጥላዬን ከጋዜጣ አንባቢው እቀበላለሁ። ቀጥዬ በየጎረቤቱ በር እያንኳኳሁ፣ ሁሉም በሁለት እጅ የሚያዝ ነገር ይዞ ወደ ስብሰባው እንዲመጣ አስታውሳለሁ፦ ልብስ ሰፊው ጥቅል ጨርቁን፣ የዳቦ ቤቷ ሴት ትልቁን ትሪ፣ አራሷ ሕፃኗን። እኔ የጀመርኩት ሹራብ አለኝ። አጀንዳው ሲነበብ በአዳራሹ ባዶ እጅ የሚኖረው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎትና እስኪደክምዎ ያጨብጭቡ።