ያልሸተተኝ ወተት

ልጄ፣ የእኔ ዓለም፣ እንደምን ከረምሽልኝ? በሄድሽበት ሁሉ ሰው አትጪ፤ የረገጥሽው መሬት ይለስልስልሽ። እኛ ደህና ነን። እህትሽ ያስቸገራትን ጥርስ አስነቀለች፤ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ሰላም ብሎሻል።

ማክሰኞ የጤና ተቆጣጣሪዎች ወተት ቤታችን መጡ። ለካ ማቀዝቀዣው ከቆመ ሁለት ቀን ሆኖታል። እኔ እንደ ልማዴ በየጠዋቱ ክዳኑን ከፍቼ አሽትቼ ነበር፤ ምንም አልሸተተኝም። አንዷ አፍንጫዋን ይዛ፣ «እማማ፣ ይሄ አይሸትዎትም?» አለችኝ። ወተቱንም እርጎውንም ጭነው ወስደው ጉድጓድ ውስጥ ደፉት። ይፈርሙ አሉኝ፣ ፈረምኩ። እንባም አልመጣልኝም።

ሠላሳ ዓመት በአፍንጫዬ የነገድኩ ሴት፣ ከክረምቱ ጉንፋን ወዲህ ማሽተት እንደተውኩ የነገረኝ መንግሥት ነው።

ቤት ገብቼ ቁምሳጥኑን ስከፍት፣ ትተሽልኝ የሄድሽው ሹራብ ታጥቦ፣ ታጥፎ ተቀምጧል። ባለፈው ወር፣ ጠረንሽ ለቀቀው ብዬ ያጠብኩት እኔው ነኝ።

በይ፣ ብርድ እንዳይመታሽ ደርቢ። ክፉ አይይሽ፣ ደጅሽ አይዘጋ። ለእህትሽ አትንገሪያት እንጂ፣ ካልከበደሽ አንድ የለበስሽውን ልብስ ሳታጥቢ ላኪልኝ። አሁን ባይሸተኝም ግድ የለም፤ አፍንጫዬ እስኪመለስ አስቀምጠዋለሁ።