የጋሼ ሳጥን ክዳን ላንተ ቀርቷል

አንተ አኩራፊ፣
ስልክህ ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነው። የእንጨት ሥራ ያስተማሩን ጋሼ ትናንት ከሰዓት አረፉ። ቀብሩ ዛሬ አስር ሰዓት ነው።

የሬሳ ሳጥናቸውን ሠርቼ ይዤው እየሄድኩ ነው። ክዳኑ ግን አልለሰለሰም፣ ጓሮ ጠረጴዛው ላይ ትቼልሃለሁ። እጅህ ሳያርፍበት እንዳይሄዱ ብዬ ነው።

በማለስለሻ ማሽኗ ሥራው። የብናኝ ከረጢቷን አራግፌልሃለሁ። ብርጭቆ ወረቀቷን ስትቀይር መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል። ማስክና መነጽር አድርግ፣ ጀግና ነኝ አትበል። መዞሯን ሳታቆም እንዳታስቀምጣት።
ደግሞ አትጫናት። በራሷ ክብደት ትሂድ።

አውቃለሁ፣ የተኳረፋችሁት በዚሁ ነው። ተጭነህ የሰው ጠረጴዛ ስትቦረቡር ደንበኛ ፊት ጮኹብህ። አንተም ከሳቸው ዘንድ ወጥተህ ወደ ቤታችን መጣህ፤ "ከእንግዲህ ስማቸውን እዚህ ቤት እንዳታነሳ!" አልከኝ።

እኔም እልህ ይዞኝ አላነሳሁም። ሁለት ወር ሙሉ ታመው ተኝተው ነበር። በሄድኩ ቁጥር "ያ ልጅስ?" ይሉኛል።
"ሥራ በዝቶበት ነው ጋሼ" እላለሁ።
"ይብዛለት፣ እጁ እኮ ጎበዝ ነው" ይሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

ልነግርህ ይገባኝ ነበር። እስክትጠይቀኝ ስጠብቅ ጊዜው አለቀ።
ስድብህን ከቀብር በኋላ ስደበኝ፣ አልመልስልህም።

ስምንት ሰዓት ላይ ባለ ፒካፑ ይመጣል። ክዳኑን በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ አብረኸው ና። ካላለቀልህም ሻካራውን አምጣው።
ብቻ ለሰው ሰጥተህ እንዳትልከው።