በአንድ መሳቢያ የነበሩትን ሁለት ወፎች የለዩልን ተመራማሪ ዕረፍት

የሙዚየማችን የአእዋፍ ክፍል ኃላፊ የነበሩት አንጋፋ ተመራማሪ ባደረባቸው ሕመም በቤታቸው ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሰኞ ማለዳ በሞት ተለይተውናል። መላው ሠራተኛ በመራር ሐዘን ላይ ይገኛል።

በኮሪደሩ የወፍ ዜማ እያፏጩ ስለሚያልፉ «እትዬ ፉጨት» እንላቸው ነበር። እሳቸውም ስሙን ወደውት ነበር።

ወደ ሙዚየሙ የመጡት በወጣትነታቸው ሲሆን፣ አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን የሰጡት ብርዱን ሸሽታ በየዓመቱ ወደ ሐይቁ ዳርቻ ለምትመጣ አንዲት ትንሽ ዘማሪ ወፍ ነው። መጻሕፍቱ ሁሉ አንድ ዝርያ ይሏታል። እሳቸው ግን ከሸምበቆው ውስጥ ሁለት የተለያዩ ዜማዎች ሰምተው «ሁለት ናቸው» አሉ።

የወፍ ዝርያዎችን የሚያጸድቀው የምደባ ኮሚቴ ጥናታቸውን «በላባ አንድ ናቸው፤ ዝርያ በጆሮ ብቻ አይለይም» ሲል ውድቅ አደረገው። ተጨማሪ ማስረጃ ለማሰባሰብ ደፋ ቀና በሚሉበት ወቅት የመስማት ችሎታቸውን አጡ። ፉጨቱም ከኮሪደራችን ጠፋ።

ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር ባለቤታቸው ከዚያ ወዲህ የድምፅ መቅረጫውን አንግተው አብረዋቸው ይወጡ ጀመር። ዜማው ሽቅብ ሲያልቅ እጃቸውን ከፍ፣ ቁልቁል ሲያልቅ ዝቅ እያደረጉ ያሳዩዋቸው ነበር። እሳቸውም የዘመረችውን ወፍ በመረብ ይዘው፣ ጠብታ ደም ወስደው ይለቋት ነበር።

ኮሚቴው የድምፅ ቅጂውንና የደም ምርመራውን አይቶ ባለፈው ዓመት ሁለት ዝርያ መሆናቸውን አጸደቀ። እትዬ ፉጨት አዲሲቱን በባለቤታቸው ስም ሊሰይሟት አስበው ነበር። ባለቤታቸው ግን «ኧረ ተይ፣ የእኔ ስም ይከብዳታል፤ መብረር ያቅታታል» ብለው ወረቀት ላይ ጽፈው ስላሳዩዋቸው፣ ወፏ በዜማዋ ተሰየመች።

እትዬ ፉጨት ሕመሙ ከጠናባቸው በኋላ በከዘራ ተደግፈው ቢሮ መጡ። በአንድ መሳቢያ የነበሩትን የደረቁ ናሙናዎች፣ በመረብ በያዟቸው ወፎች ላይ ባገኙት ጥቂት የርዝመት ልዩነት መሠረት ክንፋቸውን እየለኩ ለሁለት ከፈሏቸው። ማንም እንዲያግዛቸው አልፈቀዱም። ሲጨርሱ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሥራ አልተመለሱም።

ሙዚየሙን ወክለን ቤታቸው በሄድን ጊዜ ባለቤታቸው «ወፎቹ በቅርቡ ይመጣሉ። ማንን ይዤ ልሂድ?» ሲሉ ጠየቁን። ለእሳቸው፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸውና ለክፍሉ ባልደረቦች፣ ሐዘናችሁ የእኛም ሐዘን ነው እንላለን።

የሙዚየሙ አስተዳደርና ሠራተኞች